ለአንድ ቤት የተላከች ደብዳቤ

የዛሬው ዝግጅታችን መጽሐፍ ቅዱስን በማጥናት በእምነት ስለ ማደግ ነው። ርእሱ ሰፊ ነውና ከዳር እስከ ዳር እናዳርሰው አንልም። አንዲት መልእክት ይዘን እንቀመጣለን፤ ቅዱስ ጳውሎስ ወደ ፊልሞና የላካትን። መጽሐፍ ቅዱስ በእጃችሁ ካለ ከቲቶ ቀጥላ፣ ከዕብራውያን በፊት ታገኟታላችሁ። አንድ ምዕራፍ፣ 25 ቁጥር ብቻ ናት፤ ጮክ ብሎ ላነበባት ሦስት አራት ደቂቃ ብትወስድ ነው። ታክሲ ውስጥ ሆናችሁ ወይም ምሳ እየሠራችሁ የምታዳምጡን አትቸገሩ፤ ታሪኩን እኔ እነግራችኋለሁ፣ ማታ ራሳችሁ ታነቡታላችሁ።

ወደ መልእክቷ ከመግባታችን በፊት ስለ አነባበባችን ጥቂት እናውራ። ጠዋት ተነሥተን መጽሐፉን ገለጥ እናደርግና ዐይናችን ያረፈበትን ቁጥር የዕለቱ መልእክት ነው ብለን እንወስዳለን። ወይም ወዳጃችን በቴሌግራም የላከልንን፣ ዙሪያውን አበባ የተሣለበትን ጥቅስ «አሜን» ብለን እናሳልፋለን። በዚህ የተጽናና ሰው የለም አልልም፤ አለ። ነገር ግን በዚህ መንገድ ዐሥር ዓመት ያነበበ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያውቃቸው ቁጥሮች እነዚያው ሃያ ወይም ሠላሳ የሚሆኑት ናቸው፤ እነሱንም ቢሆን ከነአገራቸው አያውቃቸውም።

ኤርምያስ 29፥11ን እንውሰድ። እግዚአብሔር ለሕዝቡ ስላለው በጎ ሐሳብና ስለሚሰጠው ተስፋ የሚናገር ቁጥር ነው። በስንቱ ሳሎን ግድግዳ ላይ፣ በስንቱ የምረቃ ካርድ ላይ አይታችሁታል? ከእርሱ በላይ ያለውን ቁጥር 10ን ግን ግድግዳ ላይ የሰቀለ ሰው አላጋጠመኝም። እዚያ ላይ የተጻፈው 70 ዓመት የሚል ነው። ምዕራፉ ከኢየሩሳሌም ተማርከው ባቢሎን ለወረዱ ሰዎች የተላከ ደብዳቤ ነው፤ ቤት ሠርተው እንዲኖሩ፣ አትክልት እንዲተክሉ፣ ልጆቻቸውን እንዲድሩ፣ ለማረከቻቸው ከተማ ሰላም እንዲጸልዩ ያዛቸዋል። በዚያው ጊዜ ሐናንያ የሚባል ነቢይ በሁለት ዓመት ውስጥ ሁሉም ነገር ይመለሳል እያለ ሕዝቡን ያስደስት ነበር፤ ምዕራፍ 28 ላይ አለላችሁ። እንግዲህ የኤርምያስ ደብዳቤ ሲነበብ የሰማ የአርባ ዓመት ሰው፣ አገሩን ዳግመኛ እንደማያይ በዚያች ሰዓት ገብቶታል። ተስፋው ለልጅ ልጆቹ ነው፤ እርሱ ግን ዛሬ አትክልት መትከል አለበት። ቁጥሯን ብቻ የያዘ ሰው ያመለከተው ሥራ በወሩ ካልተሳካ ግራ ይገባዋል። ምዕራፉን የያዘ ሰው መጠበቅ ምን ያህል ሊረዝም እንደሚችል ቀድሞ ያውቃል።

ቁጥሮቹ ራሳቸው እኮ ዘግይተው የመጡ ናቸው። አሁን የምንጠቀምበት የአዲስ ኪዳን የቁጥር አከፋፈል ሮቤር ኤስቲየን የተባለ ፈረንሳዊ አታሚ እ.ኤ.አ. በ1551 ባሳተመው መጽሐፍ ላይ ያወጣው ነው። ቦታ ለማግኘት እጅግ ጠቅሞናል። በዚያው ልክ ግን ደብዳቤን እንደ ደብዳቤ ከላይ እስከ ታች ማንበብ አስረስቶናል።

ተረጋግቶ ማንበብ በአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። በአብነት ትምህርት ቤት ፊደል ቆጥሮ፣ ዳዊት ደግሞ፣ ዜማና ቅኔ የዘለቀ ተማሪ ወደ ትርጓሜ ቤት ይገባል። ብሉይ፣ ሐዲስ፣ ሊቃውንት፣ መነኮሳት በሚባሉት ጉባኤያት ከመምህሩ ፊት ይቀመጣል። ንባቡ ይነበባል፣ መምህሩ ይተረጉመዋል፣ «አንድም» ብሎ ሌላ መንገድ ያሳያል፣ ደግሞ «አንድም» ይላል። ለመጨረስ የሚቸኩል የለም፤ በአንድ ጉባኤ ላይ ዓመታት የሚፈጅ ተማሪ አለ። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 የምናገኘው የንግሥት ህንደኬ ጃንደረባም በሠረገላው ላይ ኢሳይያስን ጮክ ብሎ ሲያነብ ነበር። የንግሥቲቱ ግምጃ ቤት በሙሉ በእጁ ያለ ትልቅ ባለሥልጣን ነው። ወንጌላዊው ፊልጶስ ያነበበው ገብቶት እንደሆነ ሲጠይቀው ግን፣ የሚመራኝ ሳይኖር እንዴት ይገባኛል ለማለት አላፈረም፤ መንገደኛውን ሠረገላው ላይ አውጥቶ አጠገቡ አስቀመጠው። አልገባኝም ማለት የማይችል ሰው ጥናት ባይጀምር ይሻለዋል።

(አጭር ዜማ)

አሁን ወደ ፊልሞና እንመለስ። ዘመኑ እ.ኤ.አ. 60 ዓ.ም. አካባቢ ነው ተብሎ ይገመታል። ጳውሎስ ታስሯል፤ ብዙዎች ሮም ነው ይላሉ፣ ኤፌሶን ነው የሚሉም አሉ። ደብዳቤው የሚሄደው በዛሬዋ ቱርክ ወደነበረችው ወደ ቆላስይስ ከተማ ነው። ፊልሞና ደህና ኑሮ ያለው ሰው ይመስላል፤ ምእመናን በቤቱ ይሰበሰባሉ፣ የእንግዳ ማረፊያ አለው፣ ባሪያም አለው። ባሪያው አናሲሞስ ይባላል። ይህ አናሲሞስ ከጌታው ተለይቶ እስረኛው ጳውሎስ ዘንድ ደረሰ፣ እዚያም አመነ። ጳውሎስ አሁን ደብዳቤ አስይዞ መልሶ ይልከዋል።

ይህችን መልእክት በቡድን ስናጠና ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚሰማው ነገር አንድ ነው፦ «አናሲሞስ ከጌታው ገንዘብ ሰርቆ የጠፋ ባሪያ ነበር።» እስቲ ሰረቀ የሚለውን ቁጥር አሳዩኝ። ደጋግማችሁ ብታነቡ አታገኙትም። ጳውሎስ የሚለው፣ ምናልባት በደል ወይም ዕዳ ካለበት ወደ እኔ ይዙር ነው። ጠፋ የሚለውም ቢሆን በግልጽ አልተጻፈም፤ ለጊዜው መለየቱ ብቻ ነው የተነገረው። በሮማውያን ዘንድ ከጌታው ጋር የተጋጨ ባሪያ ወደ ጌታው ወዳጅ ሄዶ አማልደኝ የሚልበት ልማድ ነበርና፣ አናሲሞስ ጳውሎስን ፈልጎ የሄደው ሽማግሌ ይሁነኝ ብሎ ነው የሚሉ ሊቃውንት አሉ። ጠፍቶ ሄዷል የሚሉትም ጥንታዊና ብዙ ናቸው። የትኛው ትክክል እንደሆነ ዛሬ አልፈርድም። እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። ሌባ የሚለውን ቃል ከየት አመጣነው? ባሪያ ከሆነና ከቤት ከወጣ ሰርቆ ነው ብለን ያሰብነው እኛ ነን። በእኛም ቤት አንድ ዕቃ ሲጠፋ መጀመሪያ የማን ሻንጣ ይፈተሻል? መጽሐፉን በእርጋታ ያነበበ ሰው አንዳንድ ጊዜ ስለ አናሲሞስ ሳይሆን ስለ ራሱ አንድ ነገር አውቆ ይነሣል።

እሺ፣ ጳውሎስ ምን ጠየቀ? እርሳስ ይዛችሁ ልመናዎቹን ብቻ አስምሩባቸው። ፊልሞና አናሲሞስን እንደ ባሪያ ሳይሆን እንደ ተወደደ ወንድም እንዲቀበለው ይለምነዋል፤ እኔን እንደምትቀበል አድርገህ ተቀበለው ይለዋል። ከዚያ በቁጥር 18 እና 19 ላይ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ማብራሪያ የማያስፈልገው ነገር ይመጣል፤ ዋስ ይሆንለታል። ዕዳ ካለበት እኔ እከፍላለሁ ብሎ በገዛ እጁ ይጽፋል። ሌላውን ደብዳቤ ለጸሐፊ አስጽፎት ሊሆን ይችላል፣ ይህቺን ግን በራሱ እጅ። እስረኛ ነው እንግዲህ፤ ከየት አምጥቶ እንደሚከፍል እግዚአብሔር ይወቅ። ለሰው ዋስ ፈርሞ የሚያውቅ አድማጭ ያቺ ፊርማ ምን እንደምትከብድ ይገባዋል። ከወለዱት ልጅ ውጭ ለማን ነው ሰው በቀላሉ የሚፈርመው? ጳውሎስም አናሲሞስን ልጄ ነው ያለው፤ በእስር ቤት የወለድኩት ነው ብሎ።

ልመናውን ከማቅረቡ በፊት ምን እንዳደረገም ተመልከቱ። ከቁጥር 4 እስከ 7 ፊልሞናን ያመሰግናል፤ ፍቅሩን፣ እምነቱን፣ ለቅዱሳን ያደረገውን ደግነት። ማዘዝ እችል ነበር ይልና ትእዛዙን ትቶ ሽምግልናውንና እስራቱን ያስቀድማል። አናሲሞስን ላስቀረው ፈልጌ ነበር፣ ያላንተ ፈቃድ ግን አልወደድኩም ይላል። ጥሩ ሽማግሌ እንዲህ ነው፤ ለተበዳዩም ለበዳዩም ክብር ይጠብቃል። ግን ደግሞ አይለቅም! ወደ መጨረሻው ገደማ፣ ቁጥር 22 ላይ፣ ማረፊያ አዘጋጅልኝ ይለዋል፤ እመጣለሁ ማለቱ ነው። በእኔ ግምት ይህ የእንግድነት ጥያቄ ብቻ አይደለም። መጥቶ በዐይኑ ያያል፤ አናሲሞስ ከማን ጋር እንደሚበላ፣ የት እንደሚተኛ።

ሌላም አለ። ደብዳቤዋ የፊልሞና የግል ጉዳይ ትመስላለች እንጂ አድራሻዋ ሰፊ ነው፦ ለፊልሞና፣ ለአፍብያ፣ ለአርክጳ፣ በቤቱም ለምትሰበሰበው ቤተ ክርስቲያን። ቆላስይስ 4፥7-9ን ብትጨምሩበት ደግሞ አናሲሞስ ከቲኪቆስ ጋር ወደዚያች ከተማ እንደሄደ ታገኛላችሁ። ሁለቱን አንድ ላይ ስናነብ ነገሩ እንዲህ ሳይሆን አይቀርም፦ በፊልሞና በገዛ ሳሎኑ፣ ጎረቤቶቹና የእምነት ወንድሞቹ ተቀምጠው፣ ደብዳቤው ጮክ ተብሎ ይነበባል። ባሪያውም ቤት ውስጥ አለ። ፊልሞና ዐይኑን ወዴት ያድርግ? ጉዳዩን ቤቴ ልመለስና ላስብበት ማለት አይችልም፤ ቤቱ ነው ያለው።

ብዙ ሰው ሰላምታውን ዘልሎ ይጨርሳል። አትዝለሉት። ቁጥር 23 እና 24 ላይ አምስት ስሞች አሉ፦ ኤጳፍራ፣ ማርቆስ፣ አርስጥሮኮስ፣ ዴማስ፣ ሉቃስ። ማርቆስ ማን ነው? በሐዋርያት ሥራ 13፥13 ጵንፍልያ ላይ ጉዞውን ትቶ ወደ ኢየሩሳሌም የተመለሰው ዮሐንስ ማርቆስ ነው። በምዕራፍ 15 በእርሱ ምክንያት ጳውሎስና በርናባስ እስከ መለያየት ድረስ ተከራክረዋል፤ ጳውሎስ ጥሎን የሄደን ሰው አልወስድም ብሎ ነበር። እነሆ ያ ሰው ከዓመታት በኋላ እዚህ አብሮ ሠራተኛ ተብሎ ሰላምታ ያቀርባል። ፊልሞና የማርቆስን ታሪክ ያውቅ እንደነበር የሚነግረን የለም። እኛ ግን እናውቃለን፤ ይቅር በል የሚለው ሽማግሌ ራሱ ይቅር ብሎ የሚያውቅ ሰው ነው።

ከማርቆስ አንድ ስም ዘልላችሁ ዴማስን ታገኛላችሁ። ዛሬ አብሮ አለ። በ2 ጢሞቴዎስ 4፥10 ግን የአሁኑን ዓለም ወድዶ ጳውሎስን ትቶ ወደ ተሰሎንቄ ሄዷል። እዚያው ቀጥሎ፣ ቁጥር 11 ላይ፣ ጳውሎስ ማርቆስን አምጣልኝ ይላል። አንዱ ሄዶ ተመለሰ፣ አንዱ ኖሮ ሄደ። ስለ መንፈሳዊ ጽናት ረጅም ስብከት ሰምቼ አውቃለሁ፤ እነዚህን ሁለት ስሞች በአንድ ሰላምታ ውስጥ ጎን ለጎን እንዳየሁበት ቀን ያሳሰበኝ ግን የለም። ይህን የምታገኙት ስም ሲያጋጥማችሁ ሌላ የት አለ ብላችሁ ስትፈልጉ ነው። ከአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ እትሞች ብዙዎቹ በግርጌ ወይም በኅዳግ ማመሳከሪያ ቁጥር አላቸው፤ ለጌጥ የተቀመጠ አይደለም።

(አጭር ዜማ)

ይህች ደብዳቤ በአገራችን ለብዙ መቶ ዓመታት ስትነበብ ኖራለች። በግእዝ ተነብባለች፣ ተተርጉማለች፣ በቤተ መቅደስ ተሰምታለች። በዚያው ዘመን ሁሉ ባሪያ ይሸጥ ይለወጥ ነበር። ማለዳ ዳዊቱን የሚደግም፣ ጾሙን የማይገድፍ ባላባት ቤት ውኃ የሚቀዳውና እህል የሚፈጨው ባሪያ ነበር። ባርነት በአዋጅ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው፤ አያቶቻችን የሚያስታውሱት ዘመን። ይህን የማነሣው የቀደሙትን ለመውቀስ አይደለም፤ እኛም የምናነበውና የማናየው ነገር ይኖራል። መጽሐፍ በቤት መኖሩ፣ በቃል መያዙም፣ በራሱ ሰውን እንደማይለውጥ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላገኘሁም።

የሌላ ሰው ታሪክ ግን ልንገራችሁ። በኢሉባቦር፣ ሁሩሙ አካባቢ የተወለደ ሂካ የሚባል ልጅ ነበር። አባቱን በልጅነቱ አጣ፤ ከዚያ ባሪያ ፈንጋዮች ከእናቱ ነጥቀው ወሰዱት። ከእጅ ወደ እጅ እየተሸጠ ምጽዋ ደረሰ፣ እዚያም እ.ኤ.አ. በ1870 ነጻ ወጣ። ምጽዋ አጠገብ ምኩሉ በሚባለው ቦታ በነበረው የስዊድን ሚስዮን ትምህርት ቤት ተማረ፤ በ1872 በትንሣኤ ዕለት ሲጠመቅ የተሰጠው ስም በዚህች ደብዳቤ ውስጥ ያለው የባሪያው ስም ነው። ኦኔሲሞስ ነሲብ ብለን የምናውቀው እርሱ ነው። ስዊድን ሄዶ ተማረ፣ ተመልሶ ወደ ወለጋ ለመግባት ሞከረ፣ መንገዱ አልሆን አለው። አልሆን ሲለው ቁጭ ብሎ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መተርጎም ያዘ።

ብቻውን አልነበረም። አስቴር ጋኖ የምትባል ወጣት ነበረች፤ እርሷም ወደ ዐረብ አገር ልትሸጥ በጀልባ ስትወሰድ እ.ኤ.አ. በ1886 ነጻ የወጣች ናት። ኦኔሲሞስ ገና በልጅነቱ ከአፍ መፍቻ ቋንቋው አገር ስለ ተነጠቀ የእርሷ የኦሮምኛ ችሎታ ለሥራው ወሳኝ ነበር፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ቃላት ሰብስባለች፣ ተረቱንና ዘፈኑን ከትዝታዋ ጽፋለች። አዲስ ኪዳን በ1893 ታተመ፤ ሙሉ መጽሐፍ ቅዱሱ በ1899 በስዊዘርላንድ፣ ቅድስት ክሪሾና በሚባል ቦታ። ኦኔሲሞስ በ1904 ወለጋ ገብቶ በነቀምት ሲያስተምር ኖረ፤ ያረፈው እ.ኤ.አ. በ1931 ነው። ተርጓሚ ቁጥር መዝለል አይችልም፤ እያንዳንዷን ቃል ምን ማለት ናት ብሎ መጠየቅ አለበት። ከዚህ የበለጠ ጥናት አለ ብዬ አላስብም። ተሽጦ የሚያውቅ ሰው ወደ ፊልሞና የተላከችውን ደብዳቤ በአፍ መፍቻው ሲጽፍ፣ የራሱንም ስም እዚያ ሲያገኝ ምን እንዳሰበ የሚያውቀው እርሱና ፈጣሪው ናቸው።

ወደ ዛሬ እንምጣ። ባሪያ የለንም እንላለን፤ እውነት ነው። አንድ ጊዜ በአንድ ቤት ይህችኑ መልእክት በምናጠናበት ቡድን ውስጥ ተቀምጬ ነበር። የቤቱ ሠራተኛ፣ ዐሥራ ስድስት ዐሥራ ሰባት ዓመት ቢሆናት ነው፣ ቡናውን ቆልታ ጭሱን አዙራ አስሸተተችን፤ አቦሉን ቀድታ ስኒውን በየእጃችን ሰጥታ ወደ ጓዳ ገባች። እኛ ጸለይን፤ አንዱ ቁጥር 16ን፣ እንደ ባሪያ ሳይሆን እንደ ተወደደ ወንድም የሚለውን፣ አነበበ። ከመካከላችን ያለ ወጣት «እሷስ ለምን አብራን አታጠናም?» አለ፣ በሩን በአገጩ እያመለከተ። ቤቱ ጭጭ አለ። የቤቱ እመቤት ጠራቻት። ልጅቷ በሩ ላይ ብቅ ብላ «ሽንኩርቱ ያርብኛል፣ እትዬ» አለችና ተመለሰች። ከዚያ በኋላ የነበረው ጥናት ጥናት አልነበረም። እመቤቲቱ ደሞዟን ሳታዛንፍ እንደምትከፍላት፣ እንደ ልጇ እንደምታያት ተናገረች፤ ፊቷ ቀልቶ ነበር። በሳምንቱ ሌላ ቤት ተሰበሰብን።

ስለዚያ ምሽት ብዙ አስቤአለሁ። ወጣቱ ያየው ነገር ትክክል ነው፤ ጉዳዩ ከፊታችን ቡና እየቀዳ ስለ ቆላስይስ ስናወራ ነበር። ነገር ግን የጳውሎስን ልመና ይዞ የጳውሎስን አካሄድ ትቶታል። ምስጋናው የት አለ? ልመናው የት አለ? ከሁሉ በላይ ደግሞ ዋሱ የት አለ? ልጅቷ ማታ ትምህርት ቤት ትግባ ቢባል እንኳ በእነዚያ ሰዓታት ራቱን ማን ይሠራል፣ ምዝገባውንስ ማን ይከፍላል? «እኔ እከፍላለሁ» ያለ ከመካከላችን አንድም ሰው አልነበረም፣ ጠያቂውም፣ እኔም። ጳውሎስ ፊልሞናን ሲያስጨንቀው የራሱን እጅ አስገብቶ ነው።

እንግዲህ ይህን ካየን ጥናታችንን እንዴት እናድርገው? መጀመሪያ መልእክቷን ከላይ እስከ ታች ሳታቋርጡ፣ ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡ፤ ጆሮ ዐይን የዘለለውን ይሰማል። ሁለተኛ ስታነቡ ደብተር ይኑራችሁ። ማን ጻፈ፣ ለማን፣ ምን ጠየቀ፣ ምን ሳይናገር ተወ? «ሰረቀ» ዓይነት ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ሐሳብ ሲገባባችሁ ቁጥሩን ፈልጉ። የገባችሁንና ያልገባችሁን ለይታችሁ ጻፉ፤ ያልገባውን ለካህኑ፣ ለመምህሩ፣ ለአስጠኚው ውሰዱ። ከዚያ በገጹ ግርጌ አንድ ነገር ጻፉ፤ የሰው ስምና ቀን ያለው ይሁን። «የበለጠ አፈቅራለሁ» ብላችሁ እንዳትጽፉ፤ እሱ ለማንም አይጠቅምም። «ቅዳሜ ወንድሜ ጋ እደውላለሁ» በሉ፤ «ከዚህ ወር ጀምሮ እሑድ ከሰዓት ዕረፍት ትወጣለች» በሉ። በቡድን የምታጠኑ ከሆነ የሚቀጥለውን ስብሰባ ከአዲስ ምዕራፍ አትጀምሩ፤ ያለፈውን ያደረገና ያላደረገ ይናገር። መጀመሪያ ያሳፍራል። ቡድኑ ሐሜተኛ ከሆነ ደግሞ ባታደርጉት ይሻላል፤ እንዲህ ያለው ነገር የሚበጀው ምሥጢር የሚጠብቁ ሰዎች መካከል ነው። ሦስት አራት ሰው ይበቃል።

በዚህች ደብዳቤ ላይ ሦስት ሳምንት ብትቆዩም አይብዛባችሁ። በዓመት መጽሐፍ ቅዱስን መጨረስ ጥሩ ልማድ ነው፣ አልቃወምም፤ ነገር ግን ዕቅዱን ለመድረስ ፊልሞናን፣ ቲቶንና ሌላ ሦስት ምዕራፍ በአንድ ምሽት የሚያነብ ሰው የትኛውም ቤት ሳይገባ ያልፋል።

በቤይሩት፣ በሪያድ፣ በዱባይ ሰው ቤት ሥራ ላይ ሆናችሁ፣ ሌሊት በስልክ የምትሰሙን እኅቶቻችን እንዳላችሁ እናውቃለን። እናንተ ይህችን ደብዳቤ በአናሲሞስ በኩል ሆናችሁ ነው የምታነቧት። አንድ ነገር በግልጽ ልንገራችሁ። በአሜሪካ የባርነት ዘመን አንዳንድ ሰባክያን ይህችኑ መልእክት ይዘው የጠፋ ባሪያ ወደ ጌታው መመለስ አለበት ብለው አስተምረዋል። እነዚህ ሰባክያን ዘዳግም 23፥15ን ቢያነቡ ኖሮ፣ ከጌታው ኮብልሎ የመጣን ባሪያ አሳልፎ መስጠት ክልክል እንደሆነ ባዩ ነበር። ጳውሎስ አናሲሞስን የላከው የሚወዱት ሰዎች ወዳሉበት፣ ከዋስ ጋር፣ እንደ ወንድም እንዲቀበሉት እየለመነ ነው። ፓስፖርት ለሚነጥቅ፣ ለሚደበድብ፣ ደሞዝ ለሚከለክል አሠሪ ተገዝታችሁ ቆዩ የሚል ትምህርት ከዚህች ደብዳቤ አይወጣም። እንዲህ ያለ ነገር ቢደርስባችሁ ለምታምኑት ሰው ንገሩ፣ እርዳታ ፈልጉ።

ፊልሞና ምን እንዳደረገ መጽሐፉ አይነግረንም። በሁለተኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ የአንጾኪያው አግናጥዮስ ለኤፌሶን ሰዎች በጻፈው ደብዳቤ ላይ አናሲሞስ የሚባል የኤፌሶን ጳጳስ ተጠቅሷል። ያ ጳጳስ ይህ ባሪያ ነው የሚሉ አሉ፤ ስሙ በዘመኑ በባሮች ዘንድ የተለመደ ነበርና ሌላ ሰውም ሊሆን ይችላል። ደብዳቤዋ ግን ተጠብቃ እኛ ዘንድ መድረሷ አንድ ነገር ያስገምታል፤ የተላከችበት ቤት ቢቀድዳት ኖሮ አናነባትም ነበር።

ለሚቀጥለው ዝግጅታችን ወደ ቆላስይስ ሰዎች የተላከውን መልእክት አራቱንም ምዕራፍ አንብባችሁ ጠብቁን። ከ3፥22 እስከ 4፥1 ያለውን ምልክት አድርጉበት። እዚያ ላይ ባሮች ለጌቶቻቸው እንዲታዘዙ ይነገራቸዋል፤ ጌቶችም ጽድቅንና ቅንነትን እንዲያደርጉ። ያስቸግራል፣ አውቃለሁ። ይህንን መልእክት ተሸክመው ከሄዱት አንዱ አናሲሞስ ራሱ ነው። ያችን ትንሽ ደብዳቤና ይህን ትልቁን መልእክት በአንድ ሰሞን የሰማ ጉባኤ ሁለቱን እንዴት አስታረቃቸው? የመሰላችሁን በደብተራችሁ ጻፉ፤ ከዚያው እንጀምራለን።